በጠረጴዛ ዙሪያ የሚነገር ጨዋታና በኮምፒዩተር ፊት የሚታይ ጨዋታ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አመጋገብና ስለ እንግዳ አቀባበል ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ብዙ አባቶችና እናቶች የሚጨነቁበትን አንድ ነገር ለመመልከት አስበናል፤ ይኸውም የልጆቻችን ጨዋታ ነው። ጨዋታ ሲባል ለዐዋቂ ሰው ቀላልና ከቁም ነገር የማይገባ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ልጅ ከመምህሩ የሚማረው በቀን ጥቂት ሰዓት ሲሆን፥ ከጨዋታው የሚማረው ሳያስበው በሙሉ ልቡ ነው። ስለዚህ ልጁ ከማን ጋራና በምን እንደሚጫወት የማያውቅ አባት የልጁን ግማሽ ትምህርት አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ትልቅ ኀላፊነት ያለው ወዳጃችን ከጥቂት ወራት በፊት ለምሳ ጠርቶን ከቤቱ ሄደን ነበር። ማዕዱ ቀርቦ እጃችንን ከታጠብን በኋላ የ13 ዓመት ልጁ አለመምጣቱን ተመለከትን። አባትዮው ሠራተኛዪቱን ጥሪው ብሎ ላካት፤ እርስዋም ተመልሳ፥ «ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኗል፤ ብጠራው አልሰማኝም» አለች። ወዳጃችንም እያፈረ፥ «ይህ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከኮምፒዩተሩ ፊት ይቀመጣል፤ እስኪተኛ ድረስም አይነሣም። በዚህ ወር ከእኔ ጋራ የተነጋገረበትን ቀን ለመቍጠር የአንድ እጄ ጣቶች ይበቁኛል። ያንን መኪና አውጥቼ ልጣለው ወይስ ልተወው? እናንተ በጋዜጣ የምትጽፉ ሰዎች ምን ትመክሩኛላችሁ?» ሲል ጠየቀን። በዚያን ጊዜ የምንመልሰው አልነበረንምና ዝም አልን። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስንመረምር ያገኘነውን ለእርሱም፥ እንደ እርሱ ለተቸገረውም ሁሉ ይጠቅም ዘንድ እንጽፋለን።

ልጁ በኮምፒዩተሩ ይጫወተው የነበረው ጨዋታ፥ ጀግና ሆኖ በማይታወቅ አገር መዞር፥ ከዘንዶ ጋራ መዋጋት፥ ሀብትና ማዕርግ መሰብሰብ ነው። ይህ ዐይነት ጨዋታ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ወላጅ አለው። ወላጁም ኮምፒዩተር የማያስፈልገው፥ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በቃል ብቻ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እንግዲህ ልጁን ከወላጁ ጋራ አስተያይተን፥ ከእያንዳንዱ ምን ጥቅምና ምን ጕዳት እንደሚገኝ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

የነገሩ ሥር የሚገኘው ከጦር መኰንኖች ዘንድ ነው። በ1812 በፕሩስያ ጌዎርግ ሌዎፖልድ ፎን ራይስቪትስ የተባለ ሰው ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ የሚያሳይ ጨዋታ ሠርቶ ለንጉሥ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም 3ኛ አቀረበ። በ1824 ደግሞ የጦር መኰንን የነበረው ልጁ ደንቡን አሻሽሎ በመጽሐፍ አሳተመው፤ የፕሩስያም ጦር ለመኰንኖቹ ማሠልጠኛ አደረገው። በዚህ ጨዋታ ሁለት ወገኖች በካርታ ላይ ጭፍሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ በመካከላቸው ዳኛ ይቀመጣል፤ የተኵሱም ውጤት በዕጣ ይወሰናል። በ1913 እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በአሻንጕሊት ወታደሮች ስለሚደረግ ጦርነት ደንብ ጽፎ ባወጣ ጊዜ፥ ነገሩ ከጦር ሰፈር ወጥቶ ከቤት ውስጥ ገባ።

ከዚህ በኋላ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ወጣት በ1969 ገደማ አንድ አዲስ ነገር አሰበ። አንድ ከተማ በሐሳቡ አቋቁሞ፥ ለተጫዋቾቹ ሠራዊት ከመስጠት ይልቅ ለእያንዳንዱ የአንድ ሰው ቦታ ሰጠው፤ አንዱ የከተማው ሹም፥ አንዱ የባንክ ባለቤት፥ አንዱም የዩኒቨርስቲ አለቃ ሆነ። እያንዳንዱም በተሰጠው ሰው ስም እየተናገረ ተጫወተ። ጓደኛው ዴቭ አርነሰን ይህን ሐሳብ ተቀብሎ በ1971 ብላክሙር የተባለ የጥንት አገር ፈጠረ። በዊስኮንሲን ግዛት በሌክ ጄኒቫ ከተማ ይኖር የነበረው ጋሪ ጋይጋክስ ከአርነሰን ጋራ ተባብሮ ደንቡን ጻፈው። ጋይጋክስ በመድን ኩባንያ የነበረውን ሥራ ካጣ በኋላ ጫማ እየጠገነ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነበር። በ1974 መዠመሪያ «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው፥ በእኛ ቋንቋ «ወህኒዎችና ዘንዶዎች» ልንለው የምንችለው ጨዋታ፥ ሦስት ትናንሽ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ሆነው ወጡ። የተሠራው 1,000 ሣጥን ብቻ፥ የአንዱም ዋጋ 10 ዶላር ነበር። ያ ሁሉ ሣጥን አንድ ዓመት ሳይሞላ ተሸጦ አለቀ፤ ዛሬ ጨዋታው በብዙ ቋንቋ ተተርጕሞ በብዙ አገር ይገኛል፤ የእርሱንም ፈለግ ተከትለው የተጻፉት ሌሎች ጨዋታዎች ብዙዎች ናቸው።

የአጨዋወቱ አኳኋን እንዲህ ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከእነርሱ አንዱ መሪ ይሆናል፤ የአገሩን፥ የመንገዱን፥ የወዳጁንና የጠላቱን ነገር የሚያውቅና የሚተርክ እርሱ ነው። የቀሩት ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ወታደር፥ አንዱ ጠንቋይ፥ አንዱ ባሕታዊ፥ አንዱም ሌባ ይሆናል። የዚያም ሰው ጕልበቱ፥ ብልኀቱና ፍጥነቱ በቍጥር ተለክቶ በወረቀት ላይ ይጻፋል። መሪው፥ «ከአንድ ወንዝ ደርሳችኋል፤ ድልድዩን አንድ ዘበኛ ይጠብቃል፤ ቀኑም መሽቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። አንዱ እዋጋዋለሁ ይላል፤ ሁለተኛው ገንዘብ እሰጠዋለሁ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ፥ «እራቱን በልቷል ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ» ይል ይሆናል። መሪውም ስለ ዘበኛው ሆኖ ይመልሳል።

ነገሩ ይሳካ ወይም አይሳካ መሆኑ ባልታወቀ ጊዜ ዳይስ የሚባለው፥ በየገጹ ቍጥር የተጻፈበት የዕጣ ጠጠር ይጣላል። ይህ ጠጠር እኛ እንደምናውቀው ባለ 6 ገጽ ብቻ አይደለም፤ ባለ 4፥ ባለ 8፥ ባለ 12ና ባለ 20 ገጽም አለ። ባለ 20 ገጹ ለዘመናችን አዲስ ቢመስልም፥ በግብፅ በጥንት ዘመን የተሠሩ ባለ 20 ገጽ ጠጠሮች ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ይገኛሉ። የጠጠሩ ጥቅም ይህ ነው፤ መሪው ለወዳጁ እንዳያደላ፥ ተጫዋቹም ሁልጊዜ አሸናፊ ነኝ እንዳይል ያደርጋል። በዚህ ጨዋታ ከባልንጀራ ጋራ የሚደረግ ፉክክር የለበትም፤ ሁሉም በአንድነት ይጓዛሉ እንጂ፥ በመጨረሻ አንዱ ረቺ ሌላው ተረቺ ሆኖ አይነሣም።

የኮምፒዩተሩ ጨዋታ አወላለድ ደግሞ ይህን ገጽ ለሚያነቡ ወላጆች ልብ የሚነካ ነገር አለበት። ዊል ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ግዛት በአንድ የምርምር ኩባንያ ይሠራ ነበር፤ ለዛሬው በይነ መረብ መሠረት የሆነውን አርፓኔትን ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነው። በዕረፍቱ ጊዜ በኬንታኪ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ማሞዝ ዋሻ እየገባ ካርታ ያነሣ ነበር፤ ከጓደኞቹም ጋራ ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስን ይጫወት ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት መካከል ከሚስቱ ጋራ በፍች ተለያየ፤ ከሁለቱ ሴቶች ልጆቹም መራቁ አሳዘነው። ልጆቹ ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ ይጫወቱበት ዘንድ፥ የሚያውቀውን ዋሻ በቃል የሚገልጽ፥ ተጫዋቹም አንድ ወይም ሁለት ቃል እየጻፈ የሚያዘው ፕሮግራም ሠራ። ሥዕልም ድምፅም አልነበረውም። በ1977 በስታንፎርድ የነበረው ዶን ዉድስ ጨዋታውን አስፋፋው፤ ስሙም «አድቬንቸር» ተብሎ ኮምፒዩተር በነበረበት ስፍራ ሁሉ ታወቀ። እንግዲህ ዛሬ ልጅን ከአባቱ ለየ ተብሎ የሚወቀሰው የኮምፒዩተር ጨዋታ፥ ከመዠመሪያዎቹ አንዱ የተሠራው አንድ አባት ልጆቹን ለማግኘት ሲል መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየፈጠነ ሄደ። በ1981 «አልቲማ»ና «ዊዛርድሪ» የተባሉት በአሜሪካ፥ በ1986 «ድራገን ኵዌስት» በጃፓን ወጡ። በ2004 «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» የተባለው ወጣ፤ ይህ ደግሞ እጅግ ብዙ ሰዎች በየቤታቸው ሆነው በአንድ ዓለም ውስጥ የሚገናኙበት ሲሆን፥ በ2010 ወርኀዊ ክፍያ የሚከፍሉት ተጫዋቾች 12 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። በ2023 በቤልጅግ በጌንት ከተማ የሚገኘው ላሪያን የተባለው ኩባንያ «ባልደርስ ጌት 3» የሚባለውን አወጣ፤ የዚህም ደንቡ የዚያው የጠረጴዛው ጨዋታ የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ደንብ ነው። በመስተዋቱ ላይ ጠጠሩ ሲንከባለል ይታያል። ወላጅና ልጅ ከ50 ዓመት በኋላም አልተለያዩም ማለት ነው።

አሁን ሁለቱን እናስተያይ። መዠመሪያ ስለ ነጻነት እንናገር። የኮምፒዩተሩ ጨዋታ ያማረ ነው፤ ተራራው፥ ባሕሩ፥ የፈረሱ ኮቴ ሳይቀር ይታያል፥ ይሰማል። ሂሳቡን አይሳሳትም፥ አይደክምም፥ በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ነው። ነገር ግን ሠሪው አስቀድሞ ያላሰበውን ነገር ሊቀበል አይችልም። በድልድዩ ላይ ያለው ዘበኛ ሦስት መልስ ተሰጥቶት እንደ ሆነ፥ ተጫዋቹ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል እንጂ አራተኛ ሊፈጥር አይችልም። በጠረጴዛው ጨዋታ ግን ዘበኛውን ስለ እናቱ የሚጠይቅ፥ ወይም ወንዙን ተሻግሮ ሳይሆን ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ልጅ ቢገኝ፥ መሪው ሰው ነውና መልስ ያገኝለታል። በአንደኛው ልጁ የሌላውን ሰው ሐሳብ ይከተላል፤ በሁለተኛው የራሱን ሐሳብ ያወጣል።

ሁለተኛው ነገር ስለ ንግግር ነው። በኮምፒዩተሩ ፊት የሚጫወት ልጅ ጣቱን እንጂ አንደበቱን ብዙ አያሠራም፤ የሚያነበውና የሚሰማውም አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። በጠረጴዛው ጨዋታ ግን ያለ ንግግር አንድ እርምጃ መሄድ አይቻልም። ልጁ መለመን፥ መከራከር፥ ማስረዳት፥ ማስታረቅ አለበት፤ ሌላው ሲናገርም ተራውን መጠበቅ ይገባዋል። ደንቡ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆንም ጨዋታው በተጫዋቾቹ ቋንቋ ይነገራል። ይህ በአገር ቤት ላለ ሰው ጥቂት ነገር ይመስላል፤ በዋሽንግተን ወይም በሌላ በውጭ አገር ከተማ ልጆች ለሚያሳድጉ ወገኖቻችን ግን ትልቅ ነገር ነው። ልጅን አማርኛ ተናገር ብሎ ማዘዝ አድካሚ ነው፤ አባቱ በአማርኛ የሚናገር ዘበኛ በሆነበት ድልድይ ላይ የቆመ ልጅ ግን ለመሻገር ሲል ቃሉን ራሱ ይፈልጋል።

ይህም ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። አገር ሲሰጠውም የረታው ልጅ በተሰጠው አገር ገብቶ ያየውንና ያደረገውን እያሳመረ ይናገራል። ያ አገር ካርታ ላይ ያለው አገር ሳይሆን በእሳት ዙሪያ በቃል የተሠራ አገር ነበር። ያን ጊዜ የተጫወተ ሰው፥ የጠረጴዛው ጨዋታ ምን እንደ ሆነ ብዙ ሳይነግሩት ይገባዋል።

ነገር ግን ፍርድ ሲሰጥ የሁለቱንም ወገን ነገር መስማት ይገባል። የኮምፒዩተሩ ጨዋታ ሁልጊዜ ሰውን ብቸኛ ያደርገዋል ማለት ስሕተት ነው። በኖርዌይ ማትስ ስቴን የተባለ ወጣት ነበረ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጡንቻን በሚያደክም በሽታ ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር ይኖር ነበር። ወላጆቹ ልጃቸው በኮምፒዩተር ፊት ዘመኑን ሲያሳልፍ እያዩ፥ ወዳጅ ሳያፈራ ቀረ ብለው ያዝኑ ነበር። በ2014 በ25 ዓመቱ ዐረፈ። ወላጆቹ ሞቱን በበይነ መረብ ባስታወቁ ጊዜ ግን ከብዙ አገር የኀዘን ደብዳቤ መጣላቸው። ማትስ በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ኢቤሊን በሚባል ስም ለዓመታት ሲኖር፥ ብዙዎችን ሲያጽናናና ሲመክር የቆየ ሰው መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቁ። ከወዳጆቹም አንዳንዶቹ ለቀብሩ ከሌላ አገር ድረስ መጡ። ታሪኩም በ2024 በፊልም ታይቷል። ሰውነቱ ለታሰረበት ልጅ ያ ጨዋታ መንገድ ሆነለት። እኛ ግን ከዚህ ታሪክ ሌላም ነገር እንማራለን፤ ወላጆቹ እጅግ የሚወዱትና የሚንከባከቡት ሲሆኑ፥ የልጃቸውን ወዳጆች ያወቁት ከሞቱ በኋላ ነው። በሕይወቱ ሳለ አጠገቡ ተቀምጦ «ይህ ማን ነው? ያስ ምን አለህ?» ብሎ መጠየቅ ለሁላችንም ይቻለናል።

ጕዳቱንም አንሸሽግም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 መዠመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ፥ ከልክ ያለፈ የጨዋታ ልማድ እንደ ሕመም ተቈጥሯል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ መዠመሪያ፥ ሰውዬው ጨዋታውን ለመዠመርም ለመተውም ራሱን መግዛት ሲያቅተው፤ ሁለተኛ፥ ጨዋታው ከሌላው ሥራና ደስታ ሁሉ ሲቀድም፤ ሦስተኛ፥ ጕዳት እያየበትም ሳይተው ሲቀር ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር የቆየ እንደ ሆነ ነው እንጂ፥ በዕረፍት ቀን ረጅም ሰዓት የተጫወተን ልጅ ሁሉ ሕመምተኛ ማለት አይገባም። ሁለተኛው አደጋ በገንዘብ በኩል ነው። በአንዳንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ምን እንዳለበት የማይታወቅ የዕጣ ሣጥን በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል። የቤልጅግ መንግሥት የቁማር ተቈጣጣሪ ክፍል በ2018 እንዲህ ያሉ አንዳንድ ሣጥኖች የቁማርን ሕግ ይጥሳሉ ብሎ ወስኗል። ስለዚህ የባንክ ካርዱን ቍጥር ለልጁ የሰጠ ወላጅ ለምን እንደ ሰጠ ይመርምር።

የጠረጴዛውም ጨዋታ ክስ ያልቀረበበት አይደለም። በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ብዙ ወላጆች ይህ ጨዋታ ልጆችን ወደ ጥንቈላና ራስን ወደ መግደል ያደርሳል ብለው ትልቅ ጩኸት አንሥተው ነበር። በኋላ ነገሩ ሲመረመር ግን ጨዋታው የዚያ ክፉ ነገር ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም። እንግዲህ ትናንት የጠረጴዛው ጨዋታ፥ ዛሬ የኮምፒዩተሩ ጨዋታ መከሰሱን ስናይ፥ ወላጅ የማያውቀውን ነገር እንደሚፈራ እንረዳለን። ፍርሀቱ ከፍቅር የመጣ ነውና አይነቀፍም፤ መድኀኒቱ ግን ቀርቦ ማየት ነው። የጠረጴዛው ጨዋታ እውነተኛ ችግሩ ሌላ ነው፤ አራት አምስት ሰዎችን በአንድ ቀን ማሰባሰብ፥ ሦስት አራት ሰዓትም መስጠት ይፈልጋል፤ መሪው ደግሞ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ኮምፒዩተሩ ያሸነፈው በዚህ ነው፤ እኛ ለልጆቻችን ጊዜ ባጣን ጊዜ እርሱ ጊዜ ነበረው።

አሁን ወደ ወዳጃችን ቤት እንመለስ። ከዚያ ምሳ በኋላ ጥቂት ሳምንት አልፎ፥ በውጭ አገር ስትማር የቆየችው ትልቋ ሴት ልጁ ተመለሰች፤ በሻንጣዋም የጨዋታውን መጽሐፍና የዕጣ ጠጠሮቹን ይዛ ነበር። አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ልጁ ኮምፒዩተሩ ሲሞትበት እየተበሳጨ ወደ ሳሎን ወጣ። እኅቱም ሻማ አብርታ፥ ሁለት የጎረቤት ልጆች ጠርታ ጨዋታውን ዠመረች። አባትዮው ከመሥሪያ ቤት ያመጣውን ፋይል በሻማው ብርሃን ሊያነብ ከአጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ፥ መንገደኞቹ ከአንድ ከተማ በር ደረሱ። ልጅቱም ዘወር ብላ፥ «አባባ፥ የበሩ ጠባቂ እርስዎ ይሁኑልን» አለችው። ወዳጃችን አልችልም ብሎ ነበር፤ ነገር ግን አራቱም ልጆች ዐይን ዐይኑን ሲያዩት ፋይሉን ዘጋ።

የቀረውን እርሱ ራሱ እንደ ነገረን እንጽፋለን። «ለአንድ በር ጠባቂ የሚገባውን ነገር አሰብሁና ልጄን፥ 'አንተ መንገደኛ፥ የማን ልጅ ነህ? በሌሊትስ ብቻህን ለምን ትሄዳለህ?' ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም ጥቂት አስቦ፥ 'ጌታዬ፥ አባቴ በከተማው የታወቁ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ብዙ ሥራ ስላለባቸው ከእኔ ጋራ ሊሄዱ አልቻሉም፤ ስለዚህ መንገዱን ብቻዬን ለመድኁት' አለኝ። ልጁ ይህን የተናገረው ስለ መንገደኛው ነው፤ ፊቱም ላይ ምንም ሌላ ነገር አልነበረም። እኔ ግን የምመልሰው ቃል ጠፋኝ። እኅቱ ለማለፍ 15 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልግሃል ብላ ባለ 20 ገጹን ጠጠር ሰጠችው፤ ጣለውና 4 ወጣ። 'አላለፍህም' ልትለው ስትል፥ እኔ 'በሩን ከፍቼለታለሁ፤ እስከ መንገዱ መጨረሻም ፋኖስ ይዤ እሸኘዋለሁ' አልኋት። ደንቡን አፈረስህ ብለው ሁሉም ጮኹብኝ፤ ልጄ ግን ሳቀ። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ፤ ከጠረጴዛው የተነሣ ሰው አልነበረም።»

ይህ ሆነ ብለን ልጁ ኮምፒዩተሩን ተወ ብንል ውሸት ይሆናል። ዛሬም ይጫወታል። ነገር ግን ቅዳሜ ማታ የጠረጴዛው ጨዋታ ቀን ሆኗል፤ አባትዮውም በር ጠባቂነቱን እንደ ያዘ ነው። በሌላው ቀን ደግሞ ወዳጃችን አንዳንድ ጊዜ ወንበር ስቦ ከልጁ አጠገብ ይቀመጣል፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን አገር ስም፥ የፈረሱን ስም፥ የባልንጀራውን ስም ይጠይቃል። ልጁም ለምሳ ሲጠሩት ይሰማል፤ ባይሰማም አባቱ ራሱ ሄዶ ትከሻውን ይነካዋል እንጂ ሠራተኛ አይልክም።

እንግዲህ በዚያ ቀን ለተጠየቅነው ጥያቄ የምንመልሰው ይህ ነው። መኪናውን አውጥቶ መጣል አያስፈልግም፤ ዝም ብሎ መተውም አይገባም። ለኮምፒዩተሩ የታወቀ ሰዓት ይወሰንለት፤ ሰዓቱም ልጁ ባለበት፥ ምክንያቱ ተነግሮት ይወሰን። ኮምፒዩተሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሚሆን ሰው በሚመላለስበት ስፍራ ይቀመጥ። ገንዘብ የሚጠይቅ ጨዋታ ሲሆን ወላጅ ሳያውቅ አንድም ብር አይከፈል። ከላይ የጠቀስናቸው ሦስት ምልክቶች ለረጅም ጊዜ የታዩበት ልጅ ቢኖር፥ ቍጣ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልገዋል። ከዚህም ጋራ በሳምንት አንድ ምሽት ለጠረጴዛው ይሰጥ። መጽሐፉ ቢጠፋ ነገሩ አይቀርም፤ አንድ ባለ 6 ገጽ ጠጠር፥ ወረቀትና እርሳስ፥ ታሪክም የምታውቅ አንዲት አያት ካሉ ጨዋታውን ለመዠመር ይበቃል። ወታደሩ የጐራዴ፥ ሌባው የገመድ ነገር ሲጠይቅ አያትዮዋ ይመልሱለታል።

አንዳንድ ታላላቅ ሰዎች በልጆች መካከል ተቀምጦ በር ጠባቂ መሆን ማዕርግን ዝቅ የሚያደርግ ይመስላቸው ይሆናል። የፕሩስያ መኰንኖች ግን ለአገራቸው ጦርነት የተዘጋጁት በጠረጴዛ ላይ በመጫወት ነው። ልጅን ለኑሮው ማዘጋጀትም ከዚያ የሚያንስ ሥራ አይደለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ፥ አንባቢ ሆይ፥ ፋይልህን ለአንድ ሰዓት ዝጋና ልጅህን የማን ልጅ እንደ ሆነ ጠይቀው፤ መልሱንም ሳታቋርጠው ስማ።